አያቶችን ያዳነው የልጆች መርፌ፦ የጃፓን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ታሪክ

ስለ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲወራ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ብከተብ አይዘኝም ወይ?" ብሎ ነው። የሐኪሙ መልስ የታወቀ ነው። ሊይዝህ ይችላል፣ ዕድሉ ግን ይቀንሳል፤ ቢይዝህም አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይልልሃል። መልሱ ትክክል ነው። ጠያቂው ግን "ታዲያ ምን ዋጋ አለው?" ብሎ ይሄዳል።

እኔ ጥያቄው ራሱ የጠበበ ይመስለኛል። የሚጠይቀው ስለ ተከታቢው ብቻ ነው። አብረውን የሚኖሩት እናታችን፣ አያታችን፣ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ምን ይሆናሉ የሚለው አልተነሳም። ሰፊውን ጥያቄ ለሠላሳ ዓመት ያህል በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ልጆች የፈተነች አገር አለች። ጃፓን ናት። ውጤቱ የታወቀው ግን ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ፕሮግራም አነሳስ፣ አዘጋግና ከተዘጋ በኋላ የታየውን ይተርካል። ዓመተ ምህረቶቹ፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንፍሉዌንዛ ስል ሁለት ቀን አስነጥሶን የሚያልፈውን ተራ ጉንፋን ማለቴ አይደለም። ድንገት በከባድ ትኩሳት አልጋ ላይ የሚጥለውን፣ አረጋውያንን ለሳንባ ምች የሚዳርገውን፣ ልብ የታመመን ሰው የሚገድለውን በሽታ ማለቴ ነው።

ለምን ልጆቹን?

በ1957 መጀመሪያ ቻይና ውስጥ አዲስ ዓይነት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተነሳ። በሚያዝያ ሆንግ ኮንግ ደረሰ። ከዚያ በጥቂት ወራት ዓለምን አዳረሰ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰውም ገደለ። "የእስያ ጉንፋን" የሚባለው እሱ ነው። ጃፓንም ክፉኛ ተመታች። ጤና ባለሙያዎቿም አንድ ነገር አስተዋሉ። በሽታው ጎልቶ የሚታየውና የሚስፋፋው ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር።

ምክንያቱ ለማንም ወላጅ ግልጽ ነው። አርባ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ ይውላል። እርሳስና ምሳ ይዋዋሳሉ፣ ፊት ለፊት ይሳሳላሉ። ልጆች ደግሞ ከዚህ በፊት ብዙ ኢንፍሉዌንዛ ስላላገኛቸው ሰውነታቸው አያውቀውም። ስለዚህ በቀላሉ ይያዛሉ፤ ከተያዙም ከአዋቂ በላይ ለረጅም ቀን ቫይረሱን ይረጫሉ። ማታ ወደ ቤት ይመለሳሉ። ቤት ውስጥ አያት አለች። በዚያ ዘመን ጃፓን አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው የተለመደ ነበር። ለኛ አንባቢ ይህን ኑሮ ማስረዳት አያስፈልግም።

ጃፓን በ1962 የትምህርት ቤት ልጆችን በዘመቻ መከተብ ጀመረች። ልጆቹ ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ተሰልፈው ይወጉ ነበር። ከ1977 ጀምሮ ነገሩ በሕግ ግዴታ ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አብዛኛውን ዓመት ከትምህርት ቤት ልጆች ከ50 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት ይከተቡ ነበር።

ሌላው ዓለም መንገዱ ለየት ያለ ነበር። አሜሪካና አውሮፓ መርፌውን ለአረጋውያንና ለሕሙማን ይሰጡ ነበር። የሚሞቱት እነሱ ናቸውና ሐሳቡ ስህተት አልነበረም። አንድ ችግር ግን አለበት። ሰው ሲያረጅ በሽታ የመከላከል አቅሙም ያረጃል። ለወጣት የሚሠራው መርፌ ለሰማንያ ዓመት አዛውንት እኩል አይሠራም። ክትባቱ በጣም የሚያስፈልገው ሰው ላይ ክትባቱ ደከም ይላል ማለት ነው። ጃፓን ግን አያትየዋን ትታ በሽታውን ወደ ቤት የሚያመጣውን ልጅ ከተበች።

ጥርጣሬው ከየት መጣ?

ክትባቱ በየዓመቱ እየተሰጠ ኢንፍሉዌንዛ በየክረምቱ፣ ማለትም በጃፓን የብርድ ወቅት፣ መምጣቱን አላቆመም። ይህ ሰውን አሰለቸ። እናት ልጇን አስከትባ ልጁ በጥር ትኩሳት ይዞት ሲተኛ ብታይ ምን ትላለች? የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከቫይረሱ ጋር በደንብ በገጠመበት ዓመት እንኳ የመታመም ዕድልን የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ነው። ቫይረሱ መልኩን ስለሚቀያይር ክትባቱም በየዓመቱ መታደስ አለበት። አንዳንድ ዓመት ግምቱ ይስታል። ትኩሳት ያለው ሁሉ ደግሞ ኢንፍሉዌንዛ አይደለም። በክረምት ሌሎች ብዙ ቫይረሶች አሉ፤ ክትባቱ እነሱን አይነካም።

በ1979 በጉንማ አውራጃ በማኤባሺ ከተማ አንድ ልጅ ከተከተበ በኋላ አንቀጠቀጠው። የከተማዋ የሐኪሞች ማኅበር የጅምላ ክትባቱን አቆመ። ከዚያም ለተከታታይ ዓመታት ክትባቱን ያቆሙ ከተሞችን ካላቆሙ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጸረ። በ1987 የወጣው ዘገባ በተማሪዎቹ ሕመም ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላየሁም አለ። ዘገባው በመላ አገሪቱ ተሰማ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። እነዚያ ሐኪሞች ቅን ሰዎች ነበሩ፣ ሥራውም ብዙ ድካም የፈሰሰበት ነው። ነገር ግን ሁለት ቀዳዳ ነበረው። አንደኛ፣ "ኢንፍሉዌንዛ" ተብሎ የተቆጠረው በትኩሳትና ከትምህርት ቤት በመቅረት እንጂ በላቦራቶሪ ምርመራ አልነበረም። ስለዚህ ክትባቱ የማይመለከታቸው ሌሎች የክረምት ሕመሞች አብረው ተቆጠሩ፤ ልዩነት ቢኖርም ተሸፈነ። ሁለተኛውና ትልቁ፣ የተመዘገቡት ልጆች ብቻ መሆናቸው ነው። የልጆቹን አያቶች የቆጠረ አልነበረም።

በዚህ ላይ ሌላም ነገር ተደረበ። በተለያዩ ክትባቶች ልጆቻችን ተጎዱብን ያሉ ቤተሰቦች መንግሥትን ከሰው ነበር። በ1992 መጨረሻ የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በዚያው ሰሞን ከ1989 ጀምሮ ሲሰጥ የነበረው የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት በጉዳት ምክንያት በ1993 ቆመ። ሕዝቡ በክትባት ላይ ያለው እምነት ተናጋ።

እኔ በወላጆቹ አልፈርድም። ልጅህን አምጣ ተብለው ታዝዘዋል እንጂ ለምን እንደሆነ በቅጡ አልተነገራቸውም። ከሚሊዮኖች አንዱ ቤት ጉዳት ሲደርስ ደግሞ ካሣ ለማግኘት ዓመታት በፍርድ ቤት መንከራተት ነበረባቸው። ጉዳቱ ስምና ፊት ነበረው። ጥቅሙ ግን ማንም ስም ሊሰጠው የማይችል ነበር። በዚህ ክረምት ያልሞተች አያት "በልጅ ልጄ መርፌ ዳንኩ" ልትል አትችልም። እሷም አታውቀውም።

በ1987 ወላጆች እምቢ ማለት እንዲችሉ ተፈቀደ። የተከታቢው ቁጥር ወዲያው ወረደ። በ1994 የተማሪዎቹ ክትባት ከሕጉ ጨርሶ ወጣ። ቀድሞ በሚሊዮኖች ይመረት የነበረው ክትባት ወደ ጥቂት መቶ ሺህ ዶዝ ወረደ። ይህ የሆነው ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባላት አገር ነው።

ከዚያ በኋላ

በ1990ዎቹ መጨረሻ ክረምቶቹ ከበዱ። በአረጋውያን መጦሪያዎች ኢንፍሉዌንዛ እየገባ ብዙ ሰው ገደለ። በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት አንጎላቸው በከባድ ሕመም የሚጠቃ ትንንሽ ልጆችም የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኑ። በአብዛኛው ገና አምስት ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሞቱ፣ አንዳንዶቹም የዕድሜ ልክ ጉዳት ደረሰባቸው።

ጃፓናዊው የሕፃናት ሐኪም ኖሪዮ ሱጋያና አሜሪካዊው ተመራማሪ ቶማስ ራይከርት ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ሥራ ጀመሩ። የጃፓንንና የአሜሪካን ወርሃዊ የሞት መዝገብ ከ1949 እስከ 1998 አወጡ። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ "ኢንፍሉዌንዛ" የሚል መፈለግ ግን አይበቃም። ኢንፍሉዌንዛ የገደለው አዛውንት ወረቀቱ ላይ "የልብ ድካም" ወይም "የሳንባ ምች" ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ የተጠቀሙበት ዘዴ ይህ ነው፦ በክረምት የሞተውን ሰው ሁሉ ትቆጥራለህ፣ ኢንፍሉዌንዛ ባይኖር ይጠበቅ ከነበረው ትቀንሳለህ፣ የቀረው ትርፍ ሞት ይባላል።

ጥናቱ በመጋቢት 2001 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ታተመ። የጃፓን የክረምት ትርፍ ሞት ከፕሮግራሙ በፊት ከአሜሪካ ሦስትና አራት እጥፍ ነበር። ልጆቹ በብዛት በሚከተቡበት ዘመን ወርዶ ከአሜሪካ ጋር ተቀራረበ። ክትባቱ ሲቀር ደግሞ ተመልሶ ወጣ። በግምታቸው የልጆቹ ክትባት በየዓመቱ ከ37,000 እስከ 49,000 ሞት አስቀርቷል። በየ420 የተከተበ ልጅ አንድ ሰው ድኗል ማለት ነው። ከዳኑት አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው።

ብዙ ጽሑፍ ይህን ቁጥር ጠቅሶ ያበቃል። እኔ ግን ወደ ክርክሩም መግባት እፈልጋለሁ፤ ክትባትን የሚወድ ሰው የሚመቸውን ቁጥር ብቻ ይዞ መሮጥ የለበትም።

ጃፓን በእነዚያ ዓመታት ሀብታም አገር ሆናለች። ቤቱ ሞቀ፣ ምግቡ ተሻሻለ፣ ሆስፒታሉ በዛ። ከሞቱ መቀነስ የተወሰነው ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ከ1994 በኋላም የአዛውንቱ ቁጥር ራሱ ጨምሯል፤ አዛውንት ሲበዛ ሞትም ይበዛል። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት እነዚህን ለማስተካከል ሞክሮ ከ1978 እስከ 2006 ያለውን ጊዜ ተመለከተ። ፕሮግራሙ ባለበት ዘመን የጃፓን አረጋውያን የኢንፍሉዌንዛ ሞት 36 በመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ አገኘው። በቁጥር ሲቀመጥ በዓመት ወደ 1,000 አረጋውያን ነው።

በ1,000 እና በ37,000 መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። እኔ ወደ አነስተኛው አደላለሁ፤ የዕድሜንና የዘመንን ለውጥ በተሻለ ያጣራ ስለሆነ። አነስተኛውን ብንይዝም ግን ነገሩ አይፈርስም። በዓመት 1,000 በአሥር ዓመት 10,000 ሰው ነው። ያተረፋቸውም ሌላ ሰው የተወጋው መርፌ ነው። ሁለቱም ጥናቶች በአቅጣጫው አይለያዩም።

ከሞት መዝገብ ወጣ ብሎ በአንድ ቶኪዮ ውስጥ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተደረገ ክትትልም አለ። ከ1984 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት ክፍል የተዘጋበትን ቀን መዝግበዋል። ክትባቱ ግዴታ በነበረ ጊዜ በዓመት በአማካይ 1.3 ቀን ነበር። ክትባቱ በቀረባቸው ዓመታት ወደ 20.5 ቀን ወጣ። በፈቃደኝነት መከተብ ሲመለስ እንደገና ቀነሰ። የማኤባሺ ዘገባ ያላየው ነገር እዚህ ለዓይን ይታያል።

ሌላ ቦታ ተፈትኗል?

አዎ፣ ሁለት ልጥቀስ። በ1968 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ተኩምሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ከተማሪዎች 85 በመቶ ያህሉ ተከተቡ። ጎረቤቷ ኤድሪያን አልተከተበችም። የዚያ ክረምት ወረርሽኝ ሲመጣ ኤድሪያን ውስጥ የታየው ሕመም ከተኩምሴ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳምነኛል። በምዕራብ ካናዳ ሁተራይት የሚባሉ፣ በእርሻ መንደሮች ተሰብስበው የሚኖሩ ሃይማኖተኛ ማኅበረሰቦች አሉ። በ2008 ተመራማሪዎች መንደሮቹን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። በግማሾቹ መንደሮች ልጆቹ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወሰዱ። በሌሎቹ ደግሞ የጉበት በሽታ ክትባት። አዋቂዎቹን አልነኩም። ሕመሙም በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ልጆቹ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በወሰዱባቸው መንደሮች ያልተከተቡት ሰዎች 61 በመቶ ጥበቃ አገኙ። ዕጣ ስለሆነ "ሀብታም ስለሆኑ ነው" የሚለው ክርክር እዚህ አይሠራም።

ግማሽ ያህል ብቻ የሚሠራ ክትባት ይህን ያህል እንዴት ይከላከላል? ነገሩ ሰንሰለት ስለሆነ ነው። አንድ የታመመ ተማሪ ሁለት ጓደኞቹን ያስይዝ ነበር እንበል። ግማሾቹ ካልተያዙ አንድ ብቻ ያስይዛል። ያኛውም እንዲሁ። ሰንሰለቱ ሳይረዝም ይቀራል፤ አያት ጋ ሳይደርስ የሚቆምበት ዕድልም ይበዛል።

ወደኛ ስንመጣ

ኢትዮጵያ ኢንፍሉዌንዛን በስሙ ታውቀዋለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አዲስ አበባን ያጨለመው "የኅዳር በሽታ" እሱ ነበር። ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ከዚያ ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ አለ። ያን ጊዜ ሰው ከማጠንና ከጸሎት ሌላ ምን ነበረው? የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በላቦራቶሪ የተገኘው በ1933 ነው። ክትባቱም አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የተፈቀደው በ1945 ነው።

ዛሬም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የልጆች ክትባት ፕሮግራም ውስጥ የለም። ስለዚህ አገር ቤት ላለ ቤተሰብ ከጃፓን የሚወሰደው በሽታው የሚሄድበትን መንገድ ማወቁ ነው። ትኩሳትና ሳል የያዘውን ልጅ ከትምህርት ቤት ማስቀረት፣ እስኪሻለው አያቱ ጋ አለማስተኛት፣ መስኮት መክፈት። ስኳር፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ክትባቱ የሚገኝበት ቦታ ካለ ሐኪምን መጠየቅ ይገባል።

ውጭ ያሉት ግን መርፌው እደጃቸው ነው። አሜሪካ ከስድስት ወር በላይ ያለ ሰው ሁሉ በየዓመቱ እንዲከተብ ሲመከር ኖሯል። ከዘጠኝ ዓመት በታች ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከተብ ልጅ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት ሁለት ዶዝ ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛውን የሚረሱ ብዙ ናቸው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ጠንከር ያለ ዶዝ አለ። እናታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ በስሙ ጠይቁ። እስራኤል ውስጥም በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች በትምህርት ቤት ይሰጣል።

እንግሊዝ በ2013 የልጆችን ክትባት የጀመረችው ይህንኑ ሐሳብ ይዛ ነው። ልጆቹን መከተብ ልጆቹንም አያቶቻቸውንም ይጠብቃል ብላ። እዚያ የሚሰጠው በአፍንጫ የሚረጭ ነው። በውስጡ ከአሳማ የሚገኝ ጄላቲን አለበት። ብዙ የኛ ወላጆች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ይህን ሲሰሙ ቅጹን ሳይፈርሙ ይመልሱታል። ግን ጄላቲን የሌለው መርፌ አማራጭ አለ። "የሚረጨውን አልፈልግም፣ መርፌውን ስጡልኝ" ማለት ይቻላል፤ የጤና አገልግሎቱም ይህን ይፈቅዳል። ቅጹን ዝም ብሎ ከመመለስ ይህን መጻፍ ይሻላል።

"መርፌው ራሱ አስያዘኝ" የሚለውንም አንሥቼ ልለፍ። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ የለበትም፤ ሊያስይዝ አይችልም። ክንድ ያማል፣ አንዳንዴም ለአንድ ሁለት ቀን ሰውነት ይሞቃል። ጥበቃው ለመጀመር ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። በዚያ መሃል ቫይረሱ ካገኘህ መርፌውን ትወቅሳለህ። በሽታው ሰፈር ከመግባቱ በፊት፣ ማለትም በመስከረምና በጥቅምት፣ መከተብ የሚመከረው ለዚህ ነው። በአፍንጫ የሚረጨው ግን የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት በሽታ የመከላከል አቅሙ በጣም ለተዳከመ ልጅ አይሰጥም።

ጃፓን በ2001 ሕጓን አሻሽላ ከ65 ዓመት በላይ ያሉትን በመንግሥት ድጋፍ መከተብ ጀመረች። በ2024 ደግሞ በአፍንጫ የሚረጨው የልጆች ክትባት ወደ ገበያዋ ገባ። ወደ ትምህርት ቤት የጅምላ ክትባት ግን አልተመለሰችም። ልጁን ማስከተብ የሚፈልግ ወላጅ ክሊኒክ ይወስደዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከኪሱ ይከፍላል።